የ«ዋሪ» ሁለተኛ ሳጥን

«ማይ»፣ እናት፣ የምንላቸው ገበሬዋ በሺራን ቢሮዬ የመጡት ሰኞ ዕለት፣ ምሳዬን ፈትቼ ሮቲ ቂጣዬን ልቆርስ ስል ነው። ሲርበኝ ክፉ ነኝ፤ የመስኖ ቢሮው ሰው ሁሉ ያውቃል። እሳቸው ግን አላወቁም፣ ወይም አውቀው አልፈሩም። የውሃ ተራ ዝርዝሩን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተው አንዱን ረድፍ በጣታቸው ነኩ።

«ልጄ፣ ይሄ ሃያ አራት ደቂቃ የሚለው የኔ ነው አሉኝ። እውነት ነው?»

«የእርስዎ ነው፣ ማይ።»

«የኔ እኮ አንድ ሰዓት ነው።»

«ድሮ ነበር። ዘንድሮ ኮምፒውተሩ ያወጣው ይሄን ነው። ኮምፒውተር ደግሞ አያዳላም።»

«አያዳላ ይሆናል፤ ጥጤን ግን አያውቀውም። እኔ በተራዬ ከቦዩ ዳር እየተመላለስኩ መቁጠሪያዬን አሥራ ሁለት ጊዜ አዞራለሁ። ባሌ ከሞተ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ አንድ ቀን አሥራ ሦስት ሆኖ አያውቅም። በዚህ ወረቀት አምስት አይሞላም። ግማሽ ማሳዬ ሊደርቅ ነው።»

«እንግዲህ ለኃላፊው መቁጠሪያ ማስረጃ አድርጌ አላቀርብም» አልኩ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ማይ በሺራን ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡና ራሳቸው ላይ ያለውን ዱፓታ ሻርፕ አስተካክለው ይመለከቱኝ ጀመር። ዝርዝሩ ሐሙስ ጠዋት ይፈረማል። ከተፈረመ በኋላ ለአንድ ዓመት የሚነካው የለም፤ ይህን እሳቸውም ያውቃሉ። እየታዩ መብላት ደግሞ አይሆንልኝም። ሮቲውን መልሼ ጠቅልዬ ኤክሴሉን ከፈትኩ።

ተራውን የሚያሰላው በአገራችን ቋንቋ «ዋሪ»፣ ማለትም «ተራ»፣ የሚባል ቀመር ነው። ከኤክሴል ጋር የመጣ አይደለም፤ ከእኔ በፊት በዚህ ወንበር ሠላሳ ዓመት የተቀመጡት፣ አጎት ለማለት «ቻቻ» የምንላቸው ጉላም ሰርወር በገዛ እጃቸው የሠሩት ነው። ሁለት ሳጥን አለው። በመጀመሪያው ገበሬው በማሳው ስፋት የሚደርሰው ደቂቃ ይገባል፣ በሁለተኛው የቦዩ ርዝመት። ርዝመቱ የሚያስፈልገው ለቦዩ የመጨረሻ ሰው ነው። የእሱ ተራ አልቆ የቦዩ በር ከላይ ሲዘጋ ቦዩ ውስጥ የቀረው ውሃ ወደ እሱ ማሳ መውረዱን ይቀጥላል፤ ስለዚህ ያን ያህል ደቂቃ ቀድሞ ይቀነስበትና ባዶውን ቦይ መልሶ ለሚሞላው ለመጀመሪያው ሰው ይታከላል። ማይ በሺራን የቦያቸው የመጨረሻ ሰው ናቸው።

ይሄን ሁሉ አውቃለሁ። የማላውቀው ሳጥኑ ምን ዓይነት ቁጥር እንደሚፈልግ ነበር። ሌሎቹን ቀመሮች ስትጫናቸው ምን እንደሚሠሩ፣ ምን እንደሚገባባቸው ይነግሩሃል። «ዋሪ» ድዳ ነው፤ ሁለት ባዶ ሳጥን ብቻ ይገትርብሃል። ለማይ በሺራን በመጀመሪያው ስድሳ ስምንት ደቂቃ፣ በሁለተኛው ከአዲሱ ልኬት ላይ ስምንት መቶ ሰማንያ ጫማ አስገብቼ ነበር። ውስጡን ከፍቼ አየሁት። ርዝመቱን ለሃያ ያካፍልና ከደቂቃው ላይ ይቀንሳል። ለምን ሃያ? ቢሮውን ዞሬ ጠየቅሁ፤ የሚያውቅ አልተገኘም።

«ሰርወርን ለምን አትጠይቂም?» አሉ ማይ በሺራን ከአግዳሚው።

«ታመው የለ እንዴ? ምላሳቸው ተይዟል ይባላል።»

«ጆሮው አልተያዘም።»

በሪክሾ ሄድን። ቻቻ ጉላም ሰርወር ግቢያቸው ውስጥ ገመድ አልጋ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ቀኝ ጎናቸው ሰንፏል፤ አንዷን ቃል ለማውጣት ይታገላሉ። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ስምንት መቶ ሰማንያ የምትለዋን ሲያዩ በግማሽ አፋቸው ሳቁ።

«ይሄ... ጫማ ነው።»

«አዎ ቻቻ፣ አዲሱ ልኬት በጫማ ነው።»

«ዋሪ... ካራም ነው... የሚበላው።»

ካራም የመሬት ለኪዎቻችን የጥንት መለኪያ ነው፤ አምስት ጫማ ተኩል። የማይ በሺራን ቦይ አንድ መቶ ስድሳ ካራም ነው። ለሃያ ሲካፈል ስምንት። ስድሳ ስምንት ሲቀነስ ስምንት፣ ስድሳ ደቂቃ። እኔ ግን አርባ አራት ደቂቃ ቆርጬባቸው ነበር።

«ታዲያ ለምን ሳጥኑ ላይ አልጻፉትም?» ጮክ አልኩ መሰለኝ፤ ጥፋተኛ ስሆን ድምፄ ከፍ ይላል።

«ቦይ... ማን በጫማ... ይለካል?»

ማይ በሺራን ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። «እሺ፣ ሃያውስ ከየት መጣ?» አልኩ። ሊመልሱ ሞከሩ፣ ሞከሩ፣ አልመጣላቸውም። በመጨረሻ ከዘራቸውን ወደ ማሳው ቀስረው «ነገ» አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት የማይ በሺራን ቦይ ተጠርጎ አልቆ ሊከፈት ነበር። ቻቻ ጉላም ሰርወር በሩ አጠገብ ቆመው ጠበቁ። በሩ ሲነሳ ውሃው በደረቁ ቦይ ውስጥ ገለባና አረፋ እየገፋ መጣ፤ እሳቸውም ከውሃው ግንባር ጋር እኩል መራመድ ጀመሩ። ውሃው ስንጥቁን ሁሉ እያጠጣ፣ ጉድጓዱን ሁሉ እየሞላ ስለሚሄድ አይቸኩልም። እሳቸውም በሽታው ባሰነፈው እግራቸው አይቸኩሉም። አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ውሃው ዘወር ብለው አላዩም። እኔ ስልኬ ላይ ሰዓት ይዤ ከኋላ እከተላለሁ። ቻቻ የማይ በሺራን ማሳ ጫፍ ሲደርሱ ውሃውም ደረሰ። ስምንት ደቂቃ ከጥቂት ሴኮንድ።

ሃያ የውሃው እርምጃ ነበር። በደቂቃ ሃያ ካራም። እኚህ ሰው ይህን ከመጽሐፍ አላገኙትም፤ በቦዩ ሁሉ ዳር ከውሃ ጋር ሲራመዱ ኖረው ነው የቀመር ሆድ ውስጥ ያስገቡት። እኔ በየቀኑ በጣቴ ስነካው የነበረው የሰው ዕድሜ ነበር። እጃቸውን ይዤ ሳምኩት። በሕይወቴ የማንም አለቃ እጅ ስሜ አላውቅም።

ረቡዕ ኮምፒውተሬን ይዤ ቤታቸው ሄድኩና ለ«ዋሪ» ማብራሪያ ጻፍንለት። ኤክሴል ለማብራሪያ ቦታ ይቆጥባል፣ ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት ፊደል ብቻ ነው የሚፈቅደው። ለቻቻ ጉላም ሰርወር ግን እሱም ብዙ ነበር። ለአንዷ ዓረፍተ ነገር ግማሽ ሰዓት ታገሉ፤ እኔም ሳላቋርጥ ጠበቅኋቸው፣ የሚያውቀኝ ቢያይ ባላመነ። «ሁለተኛው ሳጥን፦ የቦዩ ርዝመት በካራም። በጫማ ከሆነ ለአምስት ተኩል አካፍል። ሃያ ውሃው በደቂቃ የሚሄደው ነው። ከተጠራጠርክ ወርደህ ከውሃው ጋር ተራመድ።»

ሐሙስ ማለዳ፣ ኃላፊው ሳይገባ፣ ቁጥሮቹን ሁሉ ወደ ካራም መልሼ ዝርዝሩን እንደገና አሰላሁት። ማይ በሺራን አጠገቤ ቆመዋል። የእሳቸው ረድፍ ስድሳ ሆነ። ከዚያ ከእሱ በታች ሌላው ተቀየረ፤ ከዚያ ሌላው። የሠላሳ ሁለት ቦይ የመጨረሻ ሰዎች፣ ሁሉም። እጄን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳሁ።

«ምነው ልጄ?»

«የእርስዎ ብቻ አልነበረም፣ ማይ። ሌሎች ሠላሳ አንድ ሰዎችም ላይ ቆርጬ ነበር። አንድም ሰው መጥቶ አልተናገረም።»

«ምን ብለው ይምጡ? ኮምፒውተር ነው ያለው ተብለዋል።» ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ለዚያ ነው የከበደኝ። «እስቲ ያቺን የጻፋችኋትን አንብቢልኝ።»

አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ደህና ነው። የርዝመቱን ብላችኋል፣ የውሃውን ብላችኋል። ከማን ላይ እንደሚቀነስ ግን አላላችሁም። ቦታ ቀርቷል?»

ቆጠርኩ። ቀርቷል። እሳቸው እየነገሩኝ መጨረሻው ላይ ጨመርኩት፦ «ይህ ቁጥር ውሃው ከሚወሰድበት ከመጨረሻው ሰው ላይ ይቀነሳል። ብትሳሳት እሱ ቢሮ መጥቶ አይነግርህም።»