መጀመሪያ አጣቢው ይቅመስ

«እማዬ፣ ልብስ ሲቆሽሽ ይታጠባል፤ አንጀትስ ለምን አይታጠብም?»

ጂቱን እንዲህ ብላ የጠየቀቻት ልጇ ዳርቱ ናት። ከታይፎይድ ተነስታ ገና አቅሟ አልተመለሰም፤ የሚኖሩበትን የየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ስትወጣ እንኳን ግድግዳ እየተደገፈች ነው። እንጦጦ ላይ አንጀት አጥቦ ሰውን እንደ አዲስ የሚያደርግ አለ ሲሏት ግን ሮጣ ተመዘገበች። ጂቱም ጤና ጣቢያ ሄዳ ነርሷን ጠየቀች።

«አንጀት ራሱን ያጸዳል» አለቻት ነርሷ። «ልጅዎን ይመግቧት እንጂ አያስጠርጓት።»

ዳርቱ ይህን ስትሰማ «ነርስ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው» ብላ ጫማዋን አሰረች። እናትም ነጠላዋን አንስታ ተከተለቻት።

የአጣቢው ቤት ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ባሕር ዛፉ መሀል ነው። አጣቢው ለይኩን ከላይ እስከ ታች ነጭ ለብሷል። አረንጓዴ ውሃ በየብርጭቆው እየቀዳ፣ «ሆዳችሁ ውስጥ ከልጅነት ጀምሮ የተጠራቀመ መርዝ አለ» አለ። ሊታጠቡ የመጡትን ሁሉ ያመጣው የሚኒባስ ሹፌር ኢዶሳ ቦርጩን በሐዘን ዳሰሰ። ዳርቱ ብርጭቆዋን አነሳች።

ጂቱ እጇን ያዘቻት። «ቆይ። ልጄ ለይኩን፣ እኛ ቤት የሚቀዳው ሰው ሳይቀምስ ለእንግዳ አይሰጥም።»

«እናቴ፣ እኔ እኮ ታጥቤ የጨረስኩ ሰው ነኝ።»

«ታዲያ ንጹህ ሰው ምን ይሆናል? በሞቴ።»

ተንኮል አልነበረባትም። እሱ ጠጥቶ ደህና ከሆነ ልጇን ልትተዋት ቆርጣ ነበር። ለይኩን ብርጭቆውን ከንፈሩ ጋር ነካ አደረገ።

«ይህን ያህልማ ጫጩትም ትጠጣለች» አለች ጂቱ።

«እናት በሞቴ ብላ እንዴት እንቢ ይባላል?» አለ ኢዶሳ።

ለይኩን ጨለጠው። አንድ ያጣላል ብላ ጂቱ ደገመችለት፤ እሱንም ዓይኑን ጨፍኖ ጠጣና ትምህርቱን ቀጠለ። «መርዙ ቀስ በቀስ…» ብሎ ቆመ። ከሩቅ ስሙን የጠሩት ይመስል ነበር። ወዲያው ሱሪውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ጓሮው ሽንት ቤት ተፈተለከ።

«ወራጅ አለ» አለ ኢዶሳ።

ተመለሰ፤ አፉን ሳይከፍት ደግሞ ሄደ። ሲመለስ ፊቱ ከሸሚዙ የባሰ ነጥቷል። «መርዙ ነው… እየወጣ ያለው።»

«ታጥቤ ጨርሻለሁ ብለህ አልነበር?» አለች ዳርቱ።

ለይኩን ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ጓሮው ሮጠ። ዳርቱ ብርጭቆዋን እንደሞላ አስቀመጠች። «እማዬ፣ ቤት ምን አለ?»

«አጥሚት። ፔርሙዙ ውስጥ ነው፤ ትኩስ ነው።»

ኢዶሳ ሰዉን ሁሉ ሚኒባሱ ላይ ጫነ። ጂቱ ግን ይህ የሰው ልጅ ጫካ መሀል ተዝለፍልፎ ሊወድቅ ነው ብላ ሰጋች። ከለይኩን ቤት ጨውና ስኳር ፈልጋ በውሃ በጥብጣ ሽንት ቤቱ ደጃፍ ተቀመጠች።

«ልጄ፣ አለህ?»

«አለሁ፣ እናቴ።»

ዳርቱ አጥሚቷን ልትጠጣ ከሰዎቹ ጋር ወደ ቤት ወረደች። ጂቱና ለይኩን እዚያው ቀሩ።