የሙሽሮችን ግድግዳ ማን ሣለው?

ሰኞ ጠዋት ዴልሂ፣ ሙከርጂ ናጋር በሚባለው የተፈታኞች ሰፈር ውስጥ የማይቆጥር ሰው አልነበረም። ሻይ የሚጠጣው ይቆጥራል፣ ተራ የሚጠብቀው ይቆጥራል፣ በሪክሾ የሚያልፈውም ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይቆጥራል። የሲቪል ሰርቪስ ፈተናው የመጀመሪያ ዙር እሑድ ተሰጥቷል፤ መቶ ጥያቄ፣ ለእያንዳንዱ አራት ምርጫ፣ ለስህተት ቅጣት። መንግሥት ትክክለኛውን መልስ የሚያወጣው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ፣ በዓመቱ ግድም ነው። እስከዚያ ሰው ራሱን የሚያርመው ማስጠኛ ቤቶች በሚለጥፉት መልስ ነው። እነሱ ደግሞ እንደ ጣውንት ናቸው፤ አንዱ ያለውን ሌላው ካላፈረሰ እንቅልፍ አይወስደውም።

ቪባ ጃ በስድስት ማስጠኛ ቤቶች መልስ ራሷን ስድስት ጊዜ አረመች። ስድስቱንም ጊዜ ውጤቷ አንድ ጥያቄ ላይ መጥቶ ተሰነቀረ። አርባ ስምንተኛው ከቀናላት፣ ሰው ሁሉ ማለፊያ ይሆናል ብሎ ከሚገምተው መስመር በጣት ስፋት ከፍ ትላለች። ካልቀናላት ነጥቡም ይቀራል፣ ቅጣቱም ይታከልበታል፣ ትወድቃለች። ለእሷ ዓይነቱ ተፈታኝ ሕጉ የሚፈቅደው ስድስት ሙከራ ነው። ይህ ስድስተኛው ነበር።

ጥያቄው ስለ ሚቲላ ሥዕል፣ ማለትም ስለ ራሷ አገር ሥዕል ነው። ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ደርድሮ «ስንቶቹ ትክክል ናቸው?» ይላል። አንደኛውና ሦስተኛው ትክክል መሆናቸውን ሕፃንም ያውቃል። ሁለተኛው፣ «በልማዱ መሠረት የሙሽሮችን ክፍል ግድግዳ የሚሥሉት ሴቶች ብቻ ናቸው» ይላል። መጽሐፍ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። ቪባ ግን የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች በበር ስንጥቅ አይታለች። አክስቷ ልትዳር ሳምንት ሲቀራት የሴት አያቷ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወንድ አያቷ ወደ ክፍሉ ገብተው ከውስጥ ቀረቀሩ፤ ጫፉ ላይ ጥጥ የተጠቀለለበት የቀርከሃ እንጨት ይዘው ሎተሱን፣ ዓሣውን፣ ኤሊውን ሦስት ቀን ሣሉ። ለሰው የተነገረው አሮጊቷ ሣሉት ተብሎ ነው።

ስለዚህ «ሁለቱ ብቻ» የሚለውን አጠቆረች። አምስት ፈተና መጽሐፍ ያለውን ስትመልስ ኖራ፣ በመጨረሻው ዓይኗ ያየውን መለሰች። ከዚህ የባሰ ጅልነት በዚያ ሰፈር አይታወቅም።

«ዲዲ፣ ጥያቄው ያንቺን ቤት አልጠየቀሽም እኮ» አለች ኪርቲ። «ሕንድን ነው የጠየቀሽ።»

ኪርቲ ዳሂያ አብራት የምትኖር የሃርያና ክፍለ ሀገር ገበሬ ልጅ ናት፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ድምፅዋ ከእርሻ ማዶ ያለ ጎሽ ይመልሳል። ቪባን እንደ ታላቅ እህት «ዲዲ» ትላታለች፤ ስትሰድባትም «ዲዲ» ብላ ነው።

«የኔ ቤት ሕንድ ውስጥ አይደለም?»

«ፈተና ላይ አይደለም።»

«አቤቱታ አስገባለሁ።»

ኪርቲ የፓራታ ቂጣዋን ቆርሳ አፏ ውስጥ ከተተችና ዝም አለች። ኪርቲ ዝም ካለች አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ቪባ ግን ይህን ለማስተዋል ጊዜ አልነበራትም፤ አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ አስገብታ ነበር።

አቤቱታ ማቅረቢያው ሰባት ቀን ብቻ ክፍት ነው። ጥያቄው ችግር አለበት የሚል ተፈታኝ በድረ ገጹ ላይ ያመለክታል፤ ማስረጃውን ከነመጽሐፉ፣ ከነገጹ ያያይዛል። በሰባተኛው ቀን ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል። የሰኔ ዴልሂ ደግሞ ሰው የሚወጣበት አይደለም፤ አስፋልቱ ጫማ ይስማል። ቪባ ሦስት ቤተ መጻሕፍት አዳረሰች። ለሁለተኛው ዙር፣ ለጽሑፉ ፈተና ለመለማመድ በቀን አራት መልስ መጻፍ ነበረባት፣ አንድም አልጻፈች። የንባብ ቤት ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ እሾህ ያበቀለ ይመስላታል፤ ትነሣለች፣ ውኃ ትጠጣለች፣ ስልኳን ታያለች፣ ትቀመጣለች፣ እንደገና ትነሣለች። ከጎኗ የሚያጠናው ልጅ በአራተኛው ቀን፣ «እህቴ፣ ወይ ቁሚ ወይ ተቀመጪ፤ አንገቴ ተቀጨ» አላት።

በአምስተኛው ቀን አቧራ የጠገበ፣ ከእሷ በፊት ማንም ያልገለጠው የሚመስል መጽሐፍ ውስጥ አንድ ቃል አገኘች። ሥዕሉን የሚሠሩት «በአብዛኛው» ሴቶች ናቸው ይላል። በአብዛኛው ከሆነ ብቻ አይደለም። ግን አንድ ቃል ነው፤ በአንድ ቃል የቆመ አቤቱታ በአንድ እግሩ የቆመ ወንበር ነው። እናቷ ዘንድ ደወለች።

«ማይ፣ አክስቴ ስትዳር ክፍሉን ማን ነው የሣለው?»

«ሴት አያትሽ ናቸዋ! ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

«ወንድ አያቴ፣ ባባ ናቸው። በሩን ዘግተው ሲሥሉ አይቻለሁ።»

 እናቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለማን ነገርሽ?» አለች።

«ፈተናው ላይ መጣ። መለስኩት።»

«የቤታችንን ገመና ለመንግሥት ጻፍሽለት?!»

«አልጻፍኩም፤ ክብ ነው ያጠቆርኩት።»

«ያው ነው! አንቺን ያስተማርንሽ ለዚህ ነው? አክስትሽ ልጅ አልወለደችም። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ሰው ምክንያት ሲፈልግላት ኖሯል። የወንድ እጅ በሣለው ክፍል ነው የተሞሸረችው ቢባል፣ ባሏ ቤት ሄደሽ የምታስረጂው አንቺ ነሽ?»

«ስም አልጠራም፣ መንደር አልጠቅስም። አንድ ቤት ብቻ ነው የምለው።»

«አንድም ቤት አትበይ!»

«ማይ፣ የመጨረሻዬ ነው። ከዚህ በኋላ የለም።»

እናቷ ተነፈሰች። ከበስተኋላዋ የውኃ ፓምፕ ይንኳኳል።

«ሴት አያትሽ» አለች በመጨረሻ፣ በቁጣ፣ «በዕድሜያቸው ሙሉ አንድ ዓሣ አስተካክለው ሥለው አያውቁም። ዱባ ነበር የሚመስለው። ደኅና ዋይ።» ስልኩን ጠረቀመችው።

ቪባ በአምስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። እየሳቀች ወደ ክፍላቸው ሮጣ ለኪርቲ ነገረቻት። ኪርቲ አልሳቀችም። የዱባ ዓሣ ያላሳቃት ሰው ታማለች፣ ወይም የደበቀችው ነገር አለ።

«አርባ ስምንትን አንቺ ምን መለስሽ?» አለች ቪባ።

«ምን ያደርግልሻል?»

«ኪርቲ።»

«ሦስቱም ትክክል ናቸው ብያለሁ።» ኪርቲ ከመደርደሪያው አንድ ደብተር መዘዘችና አልጋው ላይ ወረወረችው። «ገጽ አርባ አንድ። የማን እጅ ጽሑፍ ነው?»

የቪባ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ራሷ ያጠናቀረችው፣ ኪርቲ ዴልሂ ስትገባ አንሥታ የሰጠቻት ማስታወሻ። «የሙሽሮች ክፍል ሥዕል የሴቶች ብቻ ጥበብ ነው» ይላል። ከሥሩ በቀይ ተሰምሮበታል።

«ሁለት ጊዜ አስምረሽበታል ዲዲ። እኛ ቤት ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ኩበት ነው፤ ሚቲላ የሚባል ነገር ያወቅኩት ካንቺ ነው።»

«ስንት አገኘሽ?»

«መስመሩ ላይ ነኝ፣ እንዳንቺው። አቤቱታሽ ከተሰማ አንቺ ትወጫለሽ፣ እኔ እወርዳለሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ትተዪው ነበር? ተይው እንበል። ከዚያ ዕድሜ ልክሽን ‹ለኪርቲ ስል› እያልሽ ልትኖሪ?»

ቪባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ወዲያው ተነሣች። «አንቺ ገና ሦስት ሙከራ ይቀርሻል» አለች። ስትለው ራሷም ርካሽ መሆኑን አወቀች።

«ሕጉ ሦስት ይሰጠኛል» አለች ኪርቲ። «አባቴ አንድም አይሰጠኝም። ዘንድሮ ካላለፍኩ ሙሽራው ተዘጋጅቷል፤ ትራክተር ሻጭ ነው፣ ፎቶውንም ከትራክተር ጋር ነው የላከው።»

ቪባ ሌላ መንገድ ፈለገች። ሁለቱንም የሚያሳልፍ አልነበረም። ዝም ብትል እሷ ትወድቃለች፤ ብትናገር ኪርቲ። ዝም ማለቱ ቅን መስሎ እንዲታያት ሞከረች፤ አልታያትም። ያየችውን አይታለች። ደብተሩ ላይ ያለው ደግሞ ከመጽሐፍ ተገልብጦ በእሷ ቀይ ብዕር የጸደቀ ውሸት ነው፤ ኪርቲ ብትወድቅ የሚጥላት እሱ ነው። ይህን ማወቅ ግን እግሯን አላሳረፈውም። የሰፈሩን ጠባብ መንገዶች እስኪመሽ ዞረች።

በሰባተኛው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ኪርቲ ከንባብ ቤት ስትመለስ ቪባ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ ነበር። ኪርቲ ቦርሳዋን ሳታወርድ በቪባ ትከሻ አሻግራ አነበበች።

«መግቢያ የለውም።»

«አያስፈልገውም።»

«‹በዓይኔ አይቻለሁ› ብለሽ ከጀመርሽ ይስቁብሻል። መጽሐፉን አስቀድሚ፣ ገጹን ጥቀሺ፣ ያየሽውን ከሥሩ አድርጊው። ‹አንድ ቤት› ሳይሆን ‹አንዳንድ ቤቶች› በይ።»

«አንድ ነው ያየሁት።»

«እሺ አንድ በይ፣ ግትር!»

ቪባ ዞር ብላ አየቻት። «ምን ነካሽ? በራስሽ ላይ ነው እኮ የምታርሚው።»

«የተበላሸ ጽሑፍ ሳይ ያመኛል።»

«ላስገባው?»

«እኔን አትጠይቂኝ!» ኪርቲ ጮኸች፤ ከታች ያለው ሻይ ሻጭ ሳይቀር ቀና አለ። «ኃላፊነቱን ካንቺ ጋር አልካፈልም። ካስገባሽው ብቻሽን አስገቢው።»

ቪባ መጽሐፉን አስቀደመች፣ ያየችውን ከሥሩ አደረገች፣ ለአሥራ ሁለት ሰዓት ዐሥር ጉዳይ ላይ ብቻዋን አስገባችው። «ማመልከቻዎ ደርሶናል» የሚል አንድ መስመር መጣ። ከዚያ በኋላ ምንም አልመጣም።

በቀጣዩ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ውጤቱ ወጣ። ስም የለውም፤ ገጽ ሙሉ የተፈታኝ ቁጥር ነው። ቪባ ቁጥሯን በሁለተኛው ገጽ ላይ አገኘችው። የኪርቲን ሦስት ጊዜ ፈለገች። ከሱ በፊት ያለው አለ፣ ከሱ በኋላ ያለው አለ፣ መሐሉ የለም። የጣላት አርባ ስምንተኛው ጥያቄ ይሁን ሌላ፣ እስከ ዓመቱ ድረስ ማንም አያውቅም።

«ተይ አትፈልጊ» አለች ኪርቲ። «ሻይ ቤት ሆኜ አይቼዋለሁ።» ከአልጋው ሥር የቆርቆሮ ሳንዱቋን ጎተተች። «ወንድሜ ነገ ይመጣል። አባቴ ውጤቱን ከኔ በፊት ነው የሰማው።»

በማግስቱ ልብሷን ስታጣጥፍ ድንገት ቀና አለች። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይህን እያወቅሽ፣ ዛሬ ቢሆን ታስገቢዋለሽ?»

ደህና ውሸት ለማግኘት ቪባ አፍታ ፈጀባት። አላገኘችም። «አስገባዋለሁ።»

«ጥሩ። አላስገባም ብትዪ ኖሮ በዚህ ትራስ አፍኜ እገድልሽ ነበር።» ትራሱን ሳንዱቁ ውስጥ ጠቀጠቀችው። «ግን ደስ ብሎኝ እንዳይመስልሽ።»

ወንድሟ መጣ፤ ሳንዱቁን ተሸክሞ ወረደ፣ ኪርቲ ተከተለችው። ሁለተኛው ዙር ሦስት ወር አልቀረውም። ቪባ ወረቀት አወጣች፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበበች፣ ብዕሩን ከፈተች፣ ዘጋች። ከመንገዱ ያ ጎሽ የሚመልስ ድምፅ ይሰማ ጀመር። በመስኮት አየች፤ ወንድምየው ሳንዱቁን መኪናው ላይ ይጭናል፣ ኪርቲ ታወርዳለች።

«አልሄድም አልኩህ!»

«አባባ የሚሉትን አልሰማሽም?»

«ሰማሁ። ትራክተሩን ራሳቸው ያግቡት!»

ቪባ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች። ሳንዱቁን በአንድ ጆሮው ያዘችው፤ በሌላው ወንድምየው ይጎትታል።

«አንቺ ደግሞ ምን አገባሽ?» አላት። «አንቺ አልፈሻል አይደል?»

ቪባ ሳንዱቁን አልለቀቀችም።

«ሁለታችሁም ልቀቁት! የኔ ነው!» አለች ኪርቲ። ከሁለቱም እጅ መንጭቃ አስፋልቱ መሐል ዘጭ አደረገችውና ተቀመጠችበት። ከኋላ ሪክሾዎቹ ጡሩምባቸውን ያስጮኹ ጀመር። ወንድሟ ላብ በላብ ሆኖ ግራ ቀኝ ያያል። ቪባ አጠገቧ ቆመች። ኪርቲ ቀና ብላም አላየቻት፤ ግን ሂጂም አላለቻትም።