ቤተሰብ አልፈቀደም

«ልጅ ማለት እንዲህ ነው!» አሉ የባንኩ ሥራ አስኪያጅ፣ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ታላቅ ወንድሟን በእጃቸው እያመለከቱ። «አባቱን እንደ እንቁላል ተንከባክቦ ሸኘ። ምን ጎደለባቸው? አንዳች ነገር አልጎደለባቸውም!»

ወንድሟ አንገቱን ደፋ። ሐዘኑ ከብዶት ይሁን ሥራ አስኪያጁ አለቃው ስለሆኑ፣ እሷ መለየት አልቻለችም። ዙሪያውን የተቀመጡት ለቅሶ ደራሾች «እውነት ነው፣ እውነት ነው» እያሉ ተቀባበሉት። የሟች ታናሽ እህት የሆኑት አክስቷ ደግሞ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆነው «ወንድሜስ ታድሎ ነው የሞተው!» ሲሉ አከሉበት።

እሷ ብስኩት ታዞር ነበር። ይህን ምስጋና ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ስትሰማው ሰንብታለች፤ ከፍቷትም አያውቅም። የምትኖረው ሌላ ከተማ ነው፤ ሆስፒታል ውስጥ ራጅ ታነሳለች። አባቷን ሐኪም ቤት ያመላለሰው፣ መድኃኒቱን የገዛው፣ የተቃጠለ አምፖሉን የቀየረው ወንድሟ ነው። ሲያመሰግኑት «ይገባዋል» ትላለች በሆዷ።

በዚህ መሀል አንዲት የማታውቃት ሴት ገባች። ያደረገችው የጭቃ ቦቲ ነው፤ እጆቿ ከአንጓዋ እስከ ጣቶቿ ጫፍ ተቧጭረዋል። ከሶፋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ትንሽ አለቀሰች፤ ከዚያ ወደ እሷ ጠጋ ብላ «ሚጡ አንቺ ነሽ?» አለቻት በሹክሹክታ።

ከአባቷ በቀር ሚጡ ብሎ የሚጠራት ሰው የለም።

«ነኝ። አባቴን በምን ታውቂዋለሽ፣ እህቴ?»

«ከእንስሳት መጠለያው ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ጋ ይመጡ ነበር። ሲጠፉብኝ ጊዜ ደወልኩ፤ አንዲት እናት ስልኩን አንስተው ማረፋቸውን ነገሩኝ።»

«እንስሳት መጠለያ? ወንበር ሊሠራላችሁ?»

«ወንበሩን የሠሩልን ኋላ ነው። የሚመጡትስ ለድመቷ ነበር።»

ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። አባባና ድመት! አባቷ ሶፋ ሠሪ ነበር፤ ይህ ሁሉ ሰው የተቀመጠበት ሶፋ የእጁ ሥራ ነው። ጥፍር ያለው ፍጡር ሁሉ ጠላቱ ነበር። ልጅ ሳለች፣ አንዲት የጎረቤት ድመት ለሙሽሮች የታዘዘ አዲስ ሶፋ ላይ ወለደችበት። ያን ቀን የጮኸው ጩኸት ሰፈሩን ሰበሰበ። «ከፋይ ላይ! አገር ሞልቶ ተርፎ ከፋይ ጨርቅ ላይ!» እናቷ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ከስፖንጁ ክምር ጀርባ ተደብቃ ነበር። ከዚያ ወዲያ ድመት በግቢው ካለፈች አባቷ መዶሻውን ይዞ ነው የሚወጣው፤ መትቷት ባያውቅም።

«ተሳስተሽ እንዳይሆን» አለቻት።

ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች። «አልተሳሳትኩም። ሶፋ ሠሪው፤ ሲያወሩ በከንፈራቸው ሚስማር የያዙ ይመስል ቃሉን በአፋቸው ጥግ የሚያወጡት።»

አልተሳሳተችም። የብስኩቱን ሳህን ለአንድ ሰው አስረክባ ሴትዮዋን ይዛት ወደ ጓሮ፣ አባቷ ሥራ ካቆመ ወዲህ ወደ ተዘጋው የሥራ ክፍል ወጣች።

«መጀመሪያ የመጡ ቀን ከበር አላለፉም» አለች ሴትዮዋ። «'ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ጭጭ ብሎብኛል፤ አንድ የሚንቀሳቀስ ነገር ፈልጌ ነበር' አሉኝ። ትንንሾቹን አሳየኋቸው። 'እነዚህንማ ሁሉም ይወስዳቸዋል። ማንም የማይፈልጋት የቷ ናት?' አሉ። አንዲት አሮጊት ድመት አለችን፤ ጅራቷ ግማሽ ነው፣ ሰው ሲጠጋት ትነክሳለች። ሄደው አጠገቧ ቁጭ አሉ። ነከሰቻቸው። 'በቃ፣ ይቺ የኔ ቢጤ ናት' ብለው ሳቁ።»

«ታዲያ ለምን አልሰጣችሁትም?»

ሴትዮዋ ወደ ቦቲዋ አየች። «ደንብ አለን። ዕድሜው ለገፋ ወይም ብቻውን ለሚኖር ሰው ስንሰጥ፣ አንድ ነገር ቢሆን እንስሳውን የሚረከብ እዚሁ ከተማ ያለ ዘመድ እንጠይቃለን። የወንድምሽን ስልክ ሰጡኝ። ደወልኩ።»

«እና?»

«የምታውቂ መስሎኝ እኮ ነው...»

«እና፣ አልኩሽ?»

«'አባቴ የራሱን መድኃኒት የማያስታውስ ሽማግሌ ነው። ብትሰጡት መንገድ ላይ ወስጄ የምጥላት እኔው ነኝ' አሉኝ።»

 ሴትዮዋ ቀና ሳትል ቀጠለች። «አባትሽ ፊት ለፊቴ ነበር የተቀመጡት። ሳህንና ትንሽ ምንጣፍ ገዝተው፣ ቦርሳ ውስጥ ከትተው፣ ጭናቸው ላይ ይዘው። የቢሮው ስልክ ድምፁ ጉድ ነው። ሰሙት። 'ልጄ ሥራ በዝቶበት ነው፤ እንዲህ ያለ ልጅ አይደለም' አሉኝና ቦርሳቸውን ይዘው ወጡ። በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። 'መውሰድ ባይፈቀድልኝ፣ መጠየቅም ክልክል ነው?' አሉ። ከዚያ ወዲያ ቀርተው አያውቁም።»

ያኔ ነው ስልኩ ትዝ ያላት።

ከወራት በፊት አባቷ ደውሎ፣ ድምፁ እንደ ጎረምሳ እየተፍነከነከ፣ «ሚጡ፣ ቤቴ እንግዳ ሊገባ ነው» ብሏት ነበር።

«የምን እንግዳ?»

«ሴት ናት። ዕድሜዋ ገፋ ያለ ነው። ቁጡ ናት፣ ግን ዓይኗ!»

«አባባ! በእርጅናህ?» ብላ ጮኸች፤ አብረው ሳቁ። እሷማ ለሥራ ባልደረቦቿ ሁሉ «አባቴ ሊያገባ ነው» ብላ አወራች። በሚቀጥለው ጊዜ ስትደውል «እህስ፣ ሙሽራይቱ ገባች?» አለችው።

«ቀረች» አላት።

«ምነው?»

«ቤተሰብ አልፈቀደም።»

ይህንንም ቀልድ ብላ ሳቀች። እስክታለቅስ ሳቀች። እሱም ከወዲያ ማዶ ትንሽ ሳቀላት።

ወደ ሳሎን ስትመለስ «ቤተሰብ አልፈቀደም» የሚለው ድምፁ ጆሮዋ ውስጥ ይጮህ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ሊሰናበቱ ተነስተው የወንድሟን ትከሻ መታ መታ ያደርጋሉ። «በቃ አይዞህ። ምንም ሳይጎድልባቸው ነው የሄዱት።»

«ድመት» አለች።

ሥራ አስኪያጁ ዞሩ። «ምን አልሽ፣ ልጄ?»

«ድመት ጎድሎበት ነበር።»

 አንድ ሽማግሌ ጎናቸው ላለው ሰው «ሐዘን እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ውሃ ስጧት» አሉ። ወንድሟ ግን ገባው። ፊቱ ላይ አየችው፤ በአንዴ ገባው። ክንዷን ይዞ ወደ ወጥ ቤት ወሰዳት፤ አክስቷም ተከትለው ገቡና ሰው እንዳይሰማ ብለው የቧንቧውን ውሃ እስከ መጨረሻው ከፈቱት።

«በሰው ፊት ምን ማድረግሽ ነው?»

«ወንድም ጋሼ፣ መንገድ ላይ እጥላታለሁ ብለሃል?»

«ማን ነገረሽ?»

«ብለሃል አላልክም?»

«ብያለሁ!» አለ። «ምድጃ ለኩሶ ተኝቶ ስንቴ ነው የደረስኩበት? ልጆቼ አባታቸውን ሳያዩ እየተኙ እዚህ የማመሸው እኔ ነኝ። አንቺ በስልክ 'እንዴት ነህ አባባ፣ እወድሃለሁ' ትይና ትዘጊያለሽ። በዚያ ላይ የድመት አሽከር ልሁን?»

እውነቱን ነበር፤ እውነቱን መሆኑ ደግሞ የባሰ አንጨረጨራት። «ማን አሽከር ሁን አለህ? 'እሺ' እንድትል ብቻ ነው የተጠየቅከው! ካቃተህ ለምን አልደወልክልኝም? መጥቼ እረከባታለሁ እል አልነበር?»

«ለድመት?»

«ለአባባ!»

«እረ ተዉ! ሰው ይሰማል!» አሉ አክስቷ።

«ይስማ! ውሃውን ይዝጉት፣ እቴቴ፤ ይስማ! አባባማ ሰምቶታል።» ወደ ወንድሟ ዞረች። «ሰምቶሃል እኮ። ስልኩን ስታነሳ ከደወለችልህ ሴት ፊት ለፊት ተቀምጦ ነበር። ሽማግሌ ስትለው፣ እጥላታለሁ ስትል፣ አንድ በአንድ ሰምቶሃል።»

 «ምንም አላለኝም» አለ ወንድሟ።

«ምን ይበልህ? መድኃኒት ይዘህለት ስትገባ 'የተናገርከውን ሰምቻለሁ' ይበልህ? ሸፍኖልህ ነው የሞተው። አንተ እዚያ ተቀምጠህ ምስጋና ትቀበላለህ!»

አክስቷ ቧንቧውን ዘጉ። ከሳሎን የማንኪያ ድምፅ እንኳ አይሰማም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ገና ሰው ሳይመጣ ጫማዋን ስታደርግ አክስቷ በሩ ላይ ተገተሩ። «ሰው ሊያጽናናሽ እየመጣ የት ልትሄጂ ነው? ምን ልበላቸው?»

«አባቷ የጀመረውን ልትጨርስ ሄደች ይበሉልኝ።»

መጠለያው ከከተማው ዳር፣ የሲሚንቶ መጋዘን ጀርባ ነው። የእንግዳ መቀበያው አግዳሚ ወንበር ገና ከበር ዓይኗን ያዘው። እንዲህ ያለ ስፌት የሚሰፋ ሌላ ሰው የለም። አልተቀመጠችበትም።

ድመቷ ከጥግ ሆና አየቻት። ፀጉረ ሻካራ፣ ቡናማና ጥቁር የተቀላቀለባት፣ ጅራተ ግማሽ። እጇን ስትዘረጋላት ጥርሷን አሳየቻት። እሷም ቆጣ ብላ «እኔም ደስ አላልሽኝም» አለቻት። «ግን ትሄጃለሽ።»

ቦቲ ያደረገችው ሴት ጉሮሮዋን ጠረገች። «ብቻሽን ነው የምትኖሪው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው አንድ ነገር ብትሆኚ የሚረከባት...»

«አሁንም?» ድምጿ ቤቱን ሞላው፤ ውሾቹ መጮህ ጀመሩ። «አባቴን እኮ ቀብሬ ነው የመጣሁት! የናንተ ደንብ ሰው ከሞተም በኋላ አይለቅም?»

ሴትዮዋ አልተቆጣችም። «ደንቡን ያወጣው ሌላ ነው ብልሽ በቀለለኝ፤ ያወጣሁት ግን እኔ ነኝ። እዚህ የምታያቸው ግማሾቹ ጌቶቻቸው የሞቱባቸው ናቸው። ልጆቻቸው ከቀብር መልስ አምጥተው በራችን ላይ ነው የሚጥሏቸው። አንዳንዱ መኪናውን እንኳ አያቆምም።»

 ማንን እንደምትቆጣ ጠፋት። ሌላ የምትሰጠው ቁጥር ስላልነበራት የወንድሟን ስልክ ሰጠቻት። ሴትዮዋ ቁጥሩን አይታ ቀና አለች፤ እሷም ዓይኗን አልሰበረችም።

ሴትዮዋ በቢሮው ስልክ ደወለች፤ ብዙ ጠራ። ሲነሳ መጀመሪያ የመጣው የለቅሶ ደራሾቹ ጉርምርምታ ነው። ድምፁ እውነትም ጉድ ነው፤ የሻይ ብርጭቆ ሲቀመጥ ሳይቀር ይሰማል።

«ለእህትዎ አንዲት ድመት ልንሰጥ ነበር» አለች ሴትዮዋ። «አንድ ነገር ቢያጋጥማት ይረከቧታል?»

 በር ሲዘጋ ተሰማ፤ ጉርምርምታው ራቀ። አፍንጫውን ሲጠርግ ተሰማ።

«እሺ» አለ። ከዚያ ድምፁ ተሰበረ። «እሺ። በያት፣ እሺ።»

ደስ የሚላት መስሏት ነበር። ደሟ ግን ወደ ራሷ ወጣ። ይቺን የምታህል ቃል ናት? ሰው አባቱን የነፈገው ይቺን ነው? ትንፋሽ እንኳ የማትፈጅ ቃል! አባቷ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ እዚሁ ቤት ውስጥ፣ አንገቱን ወደ ስልኩ አስግጎ ሲጠብቃት የነበረችው ቃል ይቺው ናት። ስልኩን ቀምታ ልትጮህበት እጇን ዘረጋች። ከወዲያ በኩል ወንድሟ ያለቅስ ነበር። እጇን መለሰች። ይቅር ብላው አልነበረም።

በሳጥኑ ያስገቧት ሦስት ሆነው ነው፤ ሁሉም ተቧጨሩ። የታክሲው የኋላ ወንበር ላይ ስታስቀምጣት ድመቷ ዋይታዋን ጀመረች። የድመት ጩኸት አይመስልም፤ ከሆድ የሚወጣ፣ የሚጎተት፣ ማቆሚያ የሌለው ነገር ነው። መብራት ላይ ሲቆሙ የጎን መኪኖች መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋቸው።

ሾፌሩ ሬዲዮው ላይ ኳስ እያዳመጠ ነበር። ቢታገስ ቢታገስ አላቆም አለችው። «እመቤቴ፣ ምን ሆና ነው ይቺ ፍጥረት?» አለ በምሬት።

ትነግረው ዘንድ ብዙ ነገር አፏ ላይ መጣ፤ ስለ ወንድሟ፣ ስለ ደንቡ፣ ስለ ሥራ አስኪያጁ። ከጠዋት ጀምሮ ለማን እንደምትናገረው የጠፋት ቁጣ ሁሉ መጣ።

«ሰው ሞቶባት ነው» አለችው።

ሾፌሩ በመስታወቱ አያት፤ ጥቁር ልብሷን አየ። ሬዲዮውን አጠፋው።

«እግዜር ያጽናት» አለ። ትንሽ ነድቶም፣ «አንቺንም» አላት።

ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ሳጥኑ ላይ አርፋ ነበር። ጥቁር ሻርፗን ከአንገቷ ፈታች፤ ቀስ ብላም ሳጥኑን አለበሰችው።