ሦስት ሰው በአንድ ካፖርት

ፊልሙን ያያችሁ ሰዎች ያ ቫዮሊን ተጫዋች ከገዛ ነፍሱ ጋር የሚታገል ሊቅ መስሏችሁ ይሆናል። አይደለም። ቀኝ እጁ እኔ ነኝ፤ ግራ እጁ ደግሞ ሚስቴ ናት። ያን ጊዜ ከተኳረፍን ሦስተኛ ሳምንታችን ነበር።

ተዋናዩ በዘመኑ አብራሪም፣ አናጺም፣ የልብ ሐኪምም ሆኖ አሳምኗል። ቫዮሊን ሲያስይዙት ግን መጥበሻ የያዘ ነው የሚመስለው። ስለዚህ የልብስ ክፍሏ ኃላፊ ሰፊ ካፖርት ሰፋችለትና ከሁለቱም ብብት ሥር ቀዳዳ አበጀችለት። የራሱ እጆች ከወገቡ በስተኋላ በሻሽ ይታሰራሉ። እኔ በቀኙ ተንበርክኬ ክንዴን በእጅጌው አሾልክና የቫዮሊኑን መምቻ ደጋን እይዛለሁ፤ ሚስቴ በግራው ተንበርክካ ክሮቹን በጣቶቿ ትጫናለች። ፊቱ ብቻ የራሱ ነው። ሙዚቃው ቀደም ብሎ ስለተቀዳ፣ እዚያ ውስጥ ብናወራ የሚሰማን ተዋናዩ ብቻ ነበር።

ዳይሬክተሩ እኛን የመረጠው በቲያትር ቤቱ ኦርኬስትራ አስራ አንድ ዓመት አንድ የኖታ ማስቀመጫ ተጋርተን ስለተጫወትን ነው። በዚያው ማስቀመጫ ሰበብ ሚስቴ ልብሷን ሰብስባ እህቷ ቤት መግባቷን አልነገርነውም። በእኛ ሥራ የኖታውን ገጽ የሚገልጠው ከታዳሚው ራቅ ብሎ በውስጥ በኩል የተቀመጠው ነው። ገጽ የሚገልጥ ሰው ደግሞ መጫወቱን ያቆማል። በውስጥ የምትቀመጠው እሷ ናት። የተጣላን ዕለት እንዲህ ስትል ጮኸችብኝ፦

"አስራ አንድ ዓመት ሙሉ የአንድም ገጽ የመጨረሻ መስመር ተጫውቼ አላውቅም! አንድ ቀን እንኳ 'ዛሬ እኔ ልግለጥልሽ' ትላለህ?"

እኔ ሆዬ፣ "ምን ታካብጃለሽ፣ ወረቀት እኮ ነው" አልኳት።

ምን እንዳልኩ የገባኝ በሩ ሲዘጋ ነው። ቆይቶ ሌላ ከተማ ባለ ኦርኬስትራ ሥራ ማግኘቷን ሰማሁ፤ ቀረጻው እንዳለቀ ትሄዳለች። ቀረጻው ስድስት ቀን ነው። ሚስቴን የምመልሰው በስድስት ቀን ውስጥ፣ ያውም በሰው ካፖርት ውስጥ ሆኜ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን "ካሜራ!" ሲባል አንገቴን ወደ ብብቱ አስጠግቼ፣ "እንዴት አደርሽ?" አልኳት።

"ጋሼ" አለችው ተዋናዩን፣ "ለቀኝ እጅዎ ይንገሩልኝ፤ እንዴት እንዳደርኩ አያገባውም።"

"አያገባህም ትልሃለች" አለኝ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

"ሰምቻለሁ።"

"ሰምቷል፣ እህቴ።"

"እሱ? እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት እንጂ መስማት መች ያውቅና!"

የተዋናዩ ቅንድቦች ተኮማተሩ፤ ግንባሩን ላብ አጠመቀው። ዳይሬክተሩ ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ።

"ይኼ ነው! ሙዚቀኛ ማለት ይኼ ነው! ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ሥቃይ ከየት መጣልዎት?"

"ከግራ" አለ ተዋናዩ።

በሦስተኛው ቀን ሰውየው ትወናውን ትቶ ዳኛ ሆነ።

"ወንድሜ፣ ጥፋቱ ያንተ ነው። እኔ አራት ሚስት ፈትቻለሁ፤ አውቃለሁ።"

"አራት ፈትተው ነው እኔን የሚመክሩኝ?"

"ታዲያ አንድ የፈታ ምን ያውቃል?"

ከግራ በኩል ሳቅ አፈናት፤ ጣቶቿ ክሩ ላይ ተርገፈገፉ። ትወናው እውነት መምሰሉን እንዲመሰክሩ የተጠሩት የሙዚቃ አማካሪ፣ ጢማቸውን እያሻሹ፣ "እንዲህ ያለ የጣት ንዝረት በዕድሜዬ አላየሁም። ማን ነው ያስተማረው?" ብለው ጠየቁ። እኔ ግን ደስ አላለኝም፤ የሳቀችው በእኔ ላይ እንጂ ከእኔ ጋር አልነበረም። በአራተኛውም በአምስተኛውም ቀን እንደዚያው በአስተርጓሚ ተነጋገርን።

ስድስተኛው ቀን ደረሰ። የመጨረሻው ትዕይንት ሊቁ ኖታ ፊት ቆሞ ረጅም ዜማ ሲጫወት ነው። ገጹ ሲያልቅ ቀረጻው ይቆምና የዳይሬክተሩ ረዳት ትገልጠዋለች ተብሎ ተነግሮናል። እኔ ግን ገጹ ሊያልቅ ሁለት መስመር ሲቀረው ደጋኑን ጣልኩት። እጄን በጭፍን ሰደድኩና ማስቀመጫውን እየዳበስኩ ገጹን ገለጥኩላት።

ከድምፅ ማጉያው ቫዮሊኑ ይንቆረቆራል፤ ቫዮሊኑ ላይ ግን ደጋን የለም። የሚስቴ ጣቶች ብቻቸውን ክሩ ላይ እየሮጡ የመጨረሻውን መስመር እስከ ጫፉ ተጫወቱት።

"ያለ ደጋን!" አሉ አማካሪው በሹክሹክታ። "እዚህ ደረጃ የደረሰው አንድ ሁለት ሰው ቢሆን ነው።"

ሚስቴ የወረቀቱን ኮሽታ ስትቆጥር ኖሯል፤ ዜማው ሲያበቃ ከግራው ብብት ድምፅዋ መጣ።

"ሁለት ገጽ ነው የገለጥከው፣ አንተ ደንቆሮ!"

ጋሼ አላለችም። ይንገሩልኝ አላለችም። ስድቡ በቀጥታ ለእኔ ነበር፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ያለ ጣፋጭ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

ተዋናዩ አለቀሰ፤ ያለ ትወና፣ ከልቡ።

"ልጆች፣ እጄ ታስሯል፤ እንባዬን ጥረጉልኝ።"

ሚስቴ ቫዮሊኑን ለአገጩ ተወችለትና እጇን ላከች። እኔም ላክሁ። ማየት ስላልቻልን ተጋጨን፤ በመጨረሻ አፍንጫውና አፉ ላይ ጣቶቻችን ተቆላለፉ። አልለቀቀችኝም።

"ሰኞ ልምምድ ላይ በውስጥ በኩል የምትቀመጠው አንተ ነህ" አለች።

"የሌላው ከተማ ሥራስ?"

"እዚያ ማንን እሰድባለሁ?"

ዳይሬክተሩ "እንዳታቆሙ! ቅረጹ! ሊቁ ራሱን ሊያፍን ነው!" እያለ ይጮሃል። ተዋናዩ ከጣቶቻችን ሥር፣ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ በቀረችው ትንፋሽ ይለምናል፦

"ልጆቼ፣ እንኳን ታረቃችሁ... ግን እባካችሁ፣ አየር!"