የመተማመኛ ድምፅ

ጠበቃዋና ታላቅ ወንድሟ በአንድ ጉባኤ መቀመጣቸውን የሰማ ሁሉ «አንድ ቤት ሁለት ድምፅ አገኘ» ብሎ አምቷቸዋል። ሐሜተኛው ግን ቶሎ አፈረ። እህትና ወንድም ገና ከመክፈቻው ቀን ጀምሮ በሐሳብ ዓይንና ናጫ ሆኑ።

አገሩ አዲስ ሕገ መንግሥት እያረቀቀ ነበር። ጉባኤው በብዙው ነገር ተስማምቶ፣ አንዲት ጥያቄ ላይ ሲደርስ ግን እንደ እልኸኛ በቅሎ ቆመ። መሪውን ማን ይምረጠው? ሕዝቡ በቀጥታ ወይስ ሕዝቡ የላካቸው እንደራሴዎች?

«መሪ ተቀጣሪ ነው» ትላለች ጠበቃዋ። «ጠቅላይ ሚኒስትር ካጠፋ ፓርላማው የመተማመኛ ድምፅ ነስቶ ያሰናብተዋል። ፕሬዚዳንት ከሆነ ግን የሥራ ዘመኑ እስኪያልቅ እንደ ክፉ ተከራይ ተሸክመነው እንኖራለን።»

ወንድሟ ደግሞ ዕድሜውን በችሎት የጨረሰ ዳኛ ነው፤ ሲናገር አይቸኩልም። «ሕዝቡ የመረጠውን ሰው የፓርቲ ሹማምንት ጓዳ ገብተው ሲያወርዱትስ? ዛሬ ጥምረት፣ ነገ ፍቺ። እንዲህ ያለ መንግሥት ለራሱም አይበጀውም።»

እሑድ እናታቸው ቤት ምሳ ላይ እንኳ አያርፉም ነበር። እናትየው አንድ ቀን መርሯቸው «ለመሆኑ በየትኛው አመራረጥ ነው በቧንቧችን ውሃ የሚመጣው?» ሲሏቸው፣ ሁለቱም ሳቁ። ያኔ ገና አብረው ይስቁ ነበር።

ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ክርክሩም በሬዲዮ በቀጥታ ይተላለፋል። ጉባኤው ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ነገሩ ባልወሰኑ ጥቂት አባላት እጅ ወድቆ ነበር። ዳኛው ማይክሮፎኑን ከፈተ።

«ፕሬዚዳንቱ አምባገነን ይሆናል ትሉናላችሁ። ፓርላማው የሱ አይደለም። ፍርድ ቤቱም የሱ አይደለም። ነፃ ዳኛ ባለበት አገር ማንም ፕሬዚዳንት እንዳሻው አይሆንም።»

ያልወሰኑት ራሳቸውን ሲነቀንቁ ጠበቃዋ አየች። ከአባታቸው ቀብር ሲመለሱ መኪና ውስጥ ወንድሟ የነገራት ነገር ትዝ አላት። ለሚስቱ እንኳ ያልተናገረው ነገር ነበር። «አታድርጊው» አላት ልቧ። እጇ ግን ቀድሞ ማይክሮፎኑን ከፍቶታል።

«ክቡር ዳኛ» አለች። በዕድሜዋ ሙሉ ከ«ወንድም ጋሼ» ሌላ ጠርታው አታውቅም። «በአንድ የታሰረ ጋዜጠኛ የክስ መዝገብ ላይ ከቤተ መንግሥት ምን ተብሎ እንደተደወለልዎ ለጉባኤው ይንገሩልን።»

ዳኛው መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«እውነት ነው። ተደውሎልኛል። ‹ቀጠሮ ስጥበት› አሉኝ፤ ሰጠሁ። ደግመው አሉኝ፤ ደግሜ ሰጠሁ። ሰውየው ፍርድ ሳያገኝ እስር ቤት ሞተ።» ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ አለ። «ግን አንድ ነገር ስሙኝ። ጠቅላይ ሚኒስትር የሚሆነው ፓርላማውን በእጁ የያዘ ሰው ነው። እሱ ለዳኛ ሲደውል ማን ይጠይቀዋል? የኔን ፍርሃት ተዉትና ይህን መልሱልኝ።»

የሰማው አልነበረም። ሰው ሁሉ ከጎረቤቱ ጋር ይንሾካሾካል። ድምፁ ሲቆጠር የጠበቃዋ ወገን በጥቂት በለጠ። ጓደኞቿ ተነሥተው አቀፏት። እሷ ግን ባዶ ወንበር ላይ ዓይኗ ተተክሎ ቀረ፤ ወንድሟ ወጥቶ ሄዷል።

በማግሥቱ ጠዋት ይቅርታ ልትጠይቅ ቤቱ ሄደች። ሳሎኑ ውስጥ የማታውቃት ሴት ተቀምጣለች፤ ጣቶቿ በመርፌ የጠነከሩ ልብስ ሰፊ ናት። የጋዜጠኛው ሚስት ነበረች። ክርክሩን በሬዲዮ የሰማችው ልብስ መስፊያዋ ላይ እንዳለች ነው።

«ግቢና ተቀመጪ» አላት ወንድሟ። «አንቺም ስሚው።»

ሴትየዋ ዓይኗን ከዳኛው ላይ ሳትነቅል ጠየቀች። «ቀጠሮውን ያራዘሙት ጥፋተኛ ነው ብለው ነው ወይስ ፈርተው?»

«ፈርቼ ነው እመቤቴ።»

«ልጄ ‹አባቴ አንድ ነገር ባያደርግ አይታሰርም ነበር› እያለ ነው ያደገው። እኔ ብነግረው አላምን አለኝ። እርስዎ በራስዎ አፍ ይንገሩልኝ።»

«ዛሬውኑ እመጣለሁ።»

አልረገመችውም፤ አላለቀሰችም። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ጠበቃዋ እርግማን ቢወርድበት ይቀላት ነበር።

«ወንድም ጋሼ...»

«መነገሩ አይደለም የከፋኝ» አላት። «መነገር ነበረበት፤ ተናጋሪውም እኔው መሆን ነበረብኝ። አንቺ ግን ለሟቹ ብለሽ አይደለም ያወጣሽው። ድምፅ ፈልገሽ ነው።»

ልትክድ አፏን ከፈተች። «አዎ» አለች በመጨረሻ።

«እሺ፣ ያንን ድምፅ አገኘሽ። ጥያቄዬን ግን አልመለስሽልኝም። ያንቺ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲደውል ዳኛው ምን ያድርግ?»

መልስ አልነበራትም። ትናንት አዳራሹ ውስጥም አልነበራትም፤ የወንድሟን ገመና ያወጣችው ስለ ነፃ ዳኛ ላነሣው ሐሳብ መልስ ስላጣች ጭምር እንደሆነ ያኔ ገባት። ወንድሟ ኮቱን ለብሶ ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሲሄድ እሷ ሳሎኑ ውስጥ ብቻዋን ቀረች።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣች። ተዘግቶ የነበረው የፍርድ ቤቶች አንቀጽ እንደገና እንዲከፈት ጉባኤውን ጠየቀች። የገዛ ወገኖቿ «አሸንፈሽ ምን ያስለቅስሻል?» ብለው ተቆጧት። እሷ ግን ሙጭጭ አለች። ዳኛ በያዘው መዝገብ ላይ ባለሥልጣን ቢያነጋግረው ዳኛው በግልጽ ችሎት ለሕዝብ መናገር እንደሚችል፣ ያነጋገረውም ሹም ሥልጣኑን እንደሚያጣ የሚደነግግ አንቀጽ አረቀቀች።

ረቂቁን ይዛ ፍርድ ቤት ሄደች። ወንድሟ ሥራውን ለቋል፤ ቢሮው ውስጥ መጻሕፍቱን በካርቶን ሲያሽግ አገኘችው። ወረቀቱን ቆሞ አነበበና መለሰላት።

«‹ይችላል› የሚለውን ‹አለበት› አድርጊው» አላት። «‹ይችላል› ካልሽው እንደኔ ያለው ዝም ይላል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

ካርቶኑን ልታግዘው ጎንበስ ስትል «ተይው» አለና ራሱ ተሸክሞት ወጣ።

አንቀጹ «አለበት» ተብሎ ጸደቀ። ጉባኤው ሲዘጋ ጋዜጦች የጠበቃዋን ፎቶ አወጡ፤ የዳኛውን ስም ያነሣው ልብስ ሰፊዋ ስለ ባሏ ሞት ያቀረበችው ክስ ብቻ ነበር። በዚያ ክስ ላይም ዳኛው ራሱ ቀርቦ መሰከረ። እናታቸው ቤት ሁለቱም አሁንም እሑድ ይመጣሉ፤ እሱ ጠዋት፣ እሷ ከሰዓት በኋላ። እናትየው ምሳውን ሁለት ጊዜ ያቀርባሉ።