ሉሸስ የለካው ጉብታ

«ድንጋዩ ላይ እኮ ስምሽ ተቀርጿል!» አለች ኦዴሳ። የዶሮ ጥብስ የሞላበትን ትሪ ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አድርጋ አስቀመጠችው። «የሱም ስም፣ ያንቺም ስም። የተወለዳችሁበት ዓመት፣ ከዚያ ሰረዝ። የቀረው የሞት ዓመት ብቻ ነው። እናቴና አባቴ አጠገብ! እና አሁን ወንድሜን ዘመድ ከሌላቸው የእንጨት መሰንጠቂያ ሠራተኞች ጋር ልትቀብሪው ነው?»

«እኔ ነኝ እንዴ? እሱ ራሱ ነው የጻፈው» አለች ቬርዲል።

ወረቀቱ በሁለቱ መካከል ተዘርግቶ ነበር። ጠዋት የቀብር አስፈጻሚው ሚስተር ቶሊቨር ነው ይዞት የመጣው። ሉሸስ ባለፈው ጥቅምት ለሚስቱ ትንፍሽ ሳይል ቶሊቨር ቢሮ ሄዶ የጻፈው ነው። «በናባው ተራራ ቤተክርስቲያን ግቢ አትቅበሩኝ። ከመንገዱ ማዶ፣ ጉብታው ላይ፣ ትልቁ ጥድ ሥር።» ምክንያት የለውም። ሰላምታ እንኳ የለውም። ሚስተር ቶሊቨር ባርኔጣውን በእጁ እያዟዟረ፣ «ቆፋሪው ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ መልስ ይፈልጋል እህት ቬርዲል፤ ቅዳሜ ነው ቀብሩ» ብሎ ሄደ።

ሉሸስ የሞተው ሰኞ ጠዋት ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ አንዱን ጫማ አድርጎ፣ ሌላውን በእጁ እንደያዘ። ከዚያ ወዲህ ቬርዲል ውሃ ውስጥ የምትኖር ይመስላታል። ሰዎች ይገባሉ፣ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፃቸው ዘግይቶ ይደርሳታል። ሴቶቹ የማካሮኒ ጎድጓዳ ሳህን፣ የቅቤ ኬክ፣ የባቄላ ወጥ ያመጣሉ። እያንዳንዷ ከሳህኗ ሥር ስሟን በፕላስተር ለጥፋለች፣ ለቅሶው ሲያበቃ እንዲመለስላት። መስኮቱ ነጭ ነው፤ ሙቀቱ ከቀዩ አፈር ላይ እየተነሳ ጥዶቹን ያወዛውዛቸዋል።

ከሳሎን ሹክሹክታ ይሰማል።

«ልጁ ይመጣ ይሆን?»

«ማን? ያ?»

«ሽ! እናቱ ትሰማለች።»

ቬርዲል ሰማች። ሁልጊዜም ትሰማለች። ስልክ አንዴ ከጮኸ አንድ ሰው ሞቷል፣ ሁለቴ ከጮኸ ልጇ ታስሯል የምትል ሴት ናት። ሉሸስ፣ «ቬርዲል ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ጃንጥላ ትዘረጋለች» እያለ ይስቅባት ነበር።

ኦዴሳ ወንበሯን አስጠጋች። ከአትላንታ ማክሰኞ ነው የደረሰችው፤ ወንድሟን እንደ ራሷ ኪስ አውቀዋለሁ ባይ ናት። «ልጠይቅሽ፣ አትቆጪ። እዚያ ጉብታ ላይ የተቀበረች ሴት የለችም?»

«ዛሬ ጠዋት ሄጄ አይቻለሁ» አለች ቬርዲል።

«ሄደሻል?»

«በነጠላ ጫማ። ስሞቹን አንድ በአንድ አነበብኩ። ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ችካል አደናቅፎኝ ልወድቅ ነበር። ሁሉም ወንዶች ናቸው።»

«ወንዶች ብቻ! ምን ሊሠራ ነው፣ ዓሣ ሊያጠምድ?»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ሳያልቅ ኦዴሳ ፊቷን በሽርጧ ሸፈነች። ቬርዲል ጀርባዋን እየዳበሰች፣ አርባ አንድ ዓመት አጠገቡ የተኛሁት ሰውዬ አጠገቤ መተኛት ሰልችቶት ነው ብላ አሰበች። ከሁሉ የከፋው ሐሳብ ይህ ነበር፤ እሷ ደግሞ ሁልጊዜ የምታምነው የከፋውን ነው። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ለሚስተር ቶሊቨር ደወለች። «ቤተክርስቲያኑ ግቢ ይቆፈር» አለችው። «ስማችን ካለበት።»

ማምሻው ላይ ልጇ ካርልተን ደወለ።

«ማማ፣ የት ነው የሚቀበረው?»

«ናባው ተራራ ነው እንጂ የት ይሆናል።»

ካርልተን ካለበት ተጎታች ቤት ውጭ የሚጮህ የሌላ ሰው ውሻ ተሰማት።

«እንግዲያው አልመጣም።»

«አባትህ ነው ካርልተን!»

«አውቃለሁ። ቤተክርስቲያኑ ምድር ቤት የሕፃናት ማቆያ አለ ማማ። ከአጥሩ በአምስት መቶ ጫማ ርቀት ውስጥ መገኘት አልችልም።»

«ቅዳሜ ዕለት አንድም ሕፃን የለም እኮ! ፓስተር ግሪር ራሳቸው ‹በለቅሶ ቀን ማን ይከስሰዋል› ብለዋል።»

«የፈረምኩት ወረቀት ‹ከቅዳሜ በስተቀር› አይልም። አንድ ሰው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ካነሳኝ አሥር ዓመት እስር ነው። ቀብሩን ከሩቅ እሰማዋለሁ። በቃ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ጆሮዋ ላይ ያዘችው።

ካርልተን በሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ከቤተክርስቲያኑ መዘምራን አንዷ የነበረችን የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ደፈረ። ቬርዲል ይህን ቃል ከአፏ አውጥታ አታውቅም። «ያ ነገር» ነበር የምትለው። አንድ ቀን ሉሸስ ምግቡን ትቶ፣ «‹ያ ነገር› አትበይ» አላት። «ልጅቷ ስም አላት። እናት አላት። አንቺ እንደምታለቅሺው ታለቅሳለች።» የልጅቷ ቤተሰብ አገር ለቆ ሄደ። ካርልተን ሰባት ዓመት ታሰረ።

ሲፈታ ክፍሉን አዘጋጅታ፣ አዲስ አንሶላ አንጥፋ ጠበቀችው። ከሸሪፉ ቢሮ አንድ ሰው መጥቶ ቤቱ ከማቆያው አንድ ሺህ ስምንት መቶ አርባ ጫማ ነው አለ። ሕጉ ለመኖሪያ ሁለት ሺህ ይላል። እዚህ መኖር አይችልም። ሉሸስ ሠላሳ ዓመት በካውንቲው መንገድ ሥራ ላይ የገፋውን መለኪያ አወጣ፤ ረጅም እጀታ ያለው፣ አንድ ጫማ በሄደ ቁጥር ቀጭ የሚል መንኮራኩር ነው። ጤዛው ላይ ሦስት ጊዜ ሄደ፣ ሦስት ጊዜ ተመለሰ።

«ተሳስተዋል አይደል?» አለችው ከበረንዳው።

«አልተሳሳቱም።»

«አንድ መቶ ስልሳ ጫማ ምን ያደርጋቸዋል! ሕጉ ጠላታችን ነው።»

«አይደለም» አላት መንኮራኩሩን እየጠረገ። «ከቁጥሩ ወዲያ የሌላ ሰው ልጅ አለ።»

ከዚያ ሃያ ስድስት ማይል ርቆ፣ በዙሪያው ከጥድና ከላም በቀር ምንም የሌለበት ቦታ ፈለገና ተጎታቹን ቤት ተከለለት። በየሦስት ወሩ ካርልተን ሸሪፉ ቢሮ ሄዶ መፈረም ነበረበት። መኪና ቢለውጥ፣ ሥራ ቢለውጥ፣ ስልክ ቢለውጥ ማስመዝገብ፤ ከቤቱ ውጭ ከሦስት ቀን በላይ ሊያድር ቢያስብ አስቀድሞ ፈቃድ። ሉሸስ አንድም ቀን ብቻውን አልሰደደውም። ቬርዲል ሉሸስ ያስቀመጣቸውን የደንቡን ወረቀቶች ነክታ አታውቅም። ካነበበቻቸው አንድ የከፋ ነገር ይወጣባቸዋል ብላ ትፈራ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ግን ሴቶቹ ሳይመጡ አወጣቻቸው። አሥራ አንድ ገጽ ነበሩ። መነጽሯን አድርጋ፣ ትምህርት ቤት እንደነበረች ጊዜ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። «...በትምህርት ቤት ወይም በሕፃናት ማቆያ ይዞታ ወሰን አምስት መቶ ጫማ ክልል ውስጥ መገኘት...» ቀብር የሚል ቃል ፈለገች። አባት የሚል ቃል ፈለገች። ሁለቱም የሉም። መጨረሻው ገጽ ላይ የስልክ ቁጥር አለ።

«የምዝገባ ክፍል፣ ሚስ ፔገስ ነኝ» አለች ሴትየዋ።

ቬርዲል ልጇ ማን እንደሆነ ተናገረች፣ ባሏ መሞቱን ተናገረች። «ለቀብሩ ብቻ» አለች። «አንድ ሰዓት አይሞላም። ይፈቀዳል?»

«እሜቴ፣ እኔ የሕግ ምክር መስጠት አልችልም። የማነብልዎ የተጻፈውን ነው።»

«የተጻፈውንማ አነበብኩት።»

በስልኩ ውስጥ ወንበር ሲንቀሳቀስ፣ በር ሲዘጋ ተሰማ። ሴትየዋ ስትመለስ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር።

«የሚስተር ሉሸስ ባለቤት ነዎት? ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የሚቀመጡት?»

«አዎ።»

«እግዚአብሔር ያጽናዎት። ይህንኑ ጥያቄ እኮ እሳቸውም ጠይቀውኛል። ባለፈው ጥቅምት፣ ልጁ ሊፈርም ሲገባ። ‹አባቱ ቢሞት ልጁ የት መቆም ይችላል?› አሉኝ። ለእርስዎ ያልኩትን አልኳቸው። ‹የሚለካው ከአጥሩ ነው ወይስ ከበሩ?› አሉ። ከአጥሩ፣ በቀጥታ መስመር አልኳቸው። አመስግነውኝ ወጡ።»

ቬርዲል ስልኩን እንዴት እንዳስቀመጠች አታስታውስም። ጓሮ ወጣች። መለኪያው የሉሸስ ፒካፕ ጭነት ቦታ ላይ ተጋድሟል፤ መንኮራኩሩ ላይ የደረቀ የጥድ ቅጠል ተጣብቆበታል። አውርዳ፣ ቁጥሩን ዜሮ ላይ መልሳ፣ በለቅሶ ቀሚሷ መንገድ ለመንገድ እየገፋችው ሄደች። ያያት ሰው አበደች ሳይል አይቀርም።

ከቤተክርስቲያኑ አጥር ጀመረች። ከአጥሩ ወዲያ የሕፃናቱ ዥዋዥዌ ቆሟል፤ በመስኮቱ ትንንሽ ድምፆች ፊደል ይዘምራሉ። ጥቂት ቆማ ሰማቻቸው። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ጥዱን ፊት ለፊቷ አድርጋ ቀጥ ብላ ገፋች። ቀጭ። ቀጭ። ቦዩ ላይ ሁለት መቶ አሥር። መንገዱን ስትሻገር ሦስት መቶ። ብርሃኑ ከመሬት ይፈልቅ ይመስል ነበር፤ ከፊቷ፣ ሁልጊዜ ከፊቷ፣ የጎበጠ ጀርባና ያረጀ ባርኔጣ በሙቀቱ ውስጥ ሲሄድ አየች። አልጠራችውም። ብትጠራው ቁጥሩ ይጠፋባታል።

የመቃብሩ ቦታ መግቢያ ላይ አራት መቶ ሰባ። አልሞላም! የመጀመሪያዎቹን መቃብሮች አለፈች። አምስት መቶ። አምስት መቶ ሠላሳ። ጥዱ ሥር ያለው፣ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ችካል ጋ ስትደርስ፣ መንገድ ሠራተኞች ወሰን ሲያመለክቱ የሚተክሉት ዓይነት መሆኑን አሁን ገና አስተዋለች። ቁልቁል አየች። ስድስት መቶ አርባ አንድ።

ሉሸስ ሁልጊዜ ትርፍ ይተዋል። «ለነገር ፈላጊ» ይል ነበር።

ጥዱን ተደግፋ እስኪበቃት አለቀሰች፤ ከሰኞ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ለእኩለ ቀን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ወደ ቤት ገብታ ሚስተር ቶሊቨር ጋ ደወለች። «የቆፈራችሁትን ድፈኑት፤ ጥዱ ሥር ቆፍሩ» አለችው። ለካርልተንም ደወለችለት። ኦዴሳ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች።

«ዛሬ ደግሞ ምን ሰማሽ?»

ቬርዲል ነገረቻት። ጥያቄውን፣ አጥሩን፣ ቁጥሩን። ኦዴሳ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እናታችንን ትቶ» አለች።

«ልጁ የሚቆምበት ቦታ ፈልጎ።»

«ሞኝ» አለች ኦዴሳ፤ ዓይኗ ሞላ። «ሁልጊዜም ሞኝ ነው። በይ እንግዲህ፣ ቢያንስ ጥላ አለው።»

ቅዳሜ ቤተክርስቲያኑ ሞልቶ ተረፈ። ካርልተን አልነበረበትም። ቬርዲል መዝሙሩን አልሰማችውም፤ ጆሮዋ ማዶ ነበር። ሰልፉ ሲወጣ እንደ ወጉ የሸሪፉ ቢሮ መኪና ሰማያዊ መብራቱን እያበራ ከፊት ቀደመ። በመንገዱ የሚያልፉ መኪኖች ዳር ይዘው ቆሙ። ቬርዲል ከመኪናው መስኮት ጉብታውን አየች። ጥዱ ሥር፣ ከተከፈተው ጉድጓድ ወዲያ፣ ጥቁር ሱፍ የለበሰ ሰው ብቻውን ቆሟል።

የሸሪፉ መኪና መግቢያው ላይ ቆመ። ፖሊሱ ወረደ። ወደ ጥዱ አየ፣ መልሶ ወደ ቤተክርስቲያኑ አጥር አየ። ቬርዲል የኦዴሳን ክንድ ጨመቀች። በሐሳቧ ሲያስሩት አየች፤ ካቴናውን፣ አባቱ ሳይቀበር መኪና ውስጥ ሲጨመር፣ ሁሉንም አንድ በአንድ አየችው።

«እጄን ሰበርሽው እኮ» አለች ኦዴሳ።

ፖሊሱ ባርኔጣውን አወለቀና ደረቱ ላይ ያዘው። እዚያው ቆመ።

ልጆች የያዙ እናቶች ልጆቻቸውን በመንገዱ በኩል አስቀሩ። ከመዘምራኑ አንዷ ካርልተንን ስታይ ፊቷን አዞረች። ቬርዲል አልፈረደችባትም። እሷ ግን መቃብሩን ዞራ ልጇ አጠገብ ቆመች። ሳጥኑ ሲወርድ ካርልተን አንድ ጊዜ ብቻ ድምፅ አወጣ፤ የልጅነቱ ድምፅ ነበር።

ሰዉ ወደ መኪናው ሲመለስ ሁለቱ ቀሩ።

«ቀጥሎ መቼ ነው የምትፈርመው?» አለችው።

«ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ።»

«አብሬህ እሄዳለሁ።»

«ማማ፣ አንቺ እኮ ትልቁ መንገድ ላይ መኪና መንዳት ትፈሪያለሽ።»

«እፈራለሁ» አለች። «ቀስ ብዬ እነዳለሁ።»

ካርልተን ሊሄድ ቁልፉን አወጣ፤ ወዲያው ግን ቆመ። እናቱ ሐሙስ ጥዱ ላይ አስደግፋ የተወችውን መለኪያ አንስታለች። መንኮራኩሩን ከትኩሱ አፈር ጠርዝ ላይ አደረገችና፣ ጎንበስ ብላ፣ ባሏ ከተኛበት ወደ ግራ ገፋችው። ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ። አንድ ሰው የሚያስተኛ ያህል ስትደርስ ቆመች።

የጥቁር ጫማዋን ተረከዝ ቀዩ አፈር ውስጥ ሰክታ ምልክት አደረገች። ከዚያ በአውራ ጣቷ ቁጥሩን ዜሮ ላይ መለሰችው።