የጨረቃዋ ሻይ

በዚያ ቲያትር ቤት የመድረኩን መብራት ዕድሜ ልኩን የመራው ሰው «ባለ አራት እጁ» ይባላል። እጁስ እንደማንም ሰው ሁለት ነው። ነገር ግን የመብራቱ ሰሌዳ የእጀታ መዓት ስለነበረበት አንዳንዱን በእጁ፣ አንዱን በክርኑ፣ አንዱን በጉልበቱ እየገፋ ፀሐይ ያወጣል፣ ያጠልቃል። ከእሱ በፊት የነበረው ሰውማ ብረት በጨው ውሃ በርሜል ውስጥ እየነከረ ነበር አሉ መብራት የሚያደበዝዘው። «እኔ እኮ ዘመናዊ ነኝ» ይላል ባለ አራት እጁ፣ ክርኑን እያሸ።

ሚስቱ ዝናብ ቢዘንብ ጎርፉ፣ ባይዘንብ ድርቁ የሚታያት ሴት ናት። ባሌ ጉሮሮው ደርቆ ይሞትብኛል ብላ ትርኢት ባለ ቁጥር በፔርሙስ ሻይ ይዛ ወደ መብራት ክፍሉ ትወጣለች። የምትቀዳለትም ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ወደ መጨረሻው፣ በትርኢቱ ያለችው አሮጊት በጨረቃ ብርሃን ቆማ የጠፋ ልጇን ስትጠብቅ። ያኔ ከጨረቃዋ በቀር የሚበራ ነገር ስለሌለ ባሏ ፋታ ያገኛል። ብርጭቆውን ለመያዝ ቀኝ እጁን ከእጀታው ያነሳል። የጨረቃዋ እጀታ ደግሞ የላላ ነውና ካልያዙት ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ጨረቃዋም አብራ ትደበዝዛለች። ባለ አራት እጁ ሻይ ሲጠጣ ዓይኑን ይጨፍናል። ጠጥቶ ሲጨርስ እጀታውን በዳበሳ ወደ ቦታው ይመልሰዋል።

ሚስቱ ይህን ያየች ዕለት «በቃ፣ በኔ ሻይ ሊያባርሩት ነው» አለች ለራሷ። ነገር ግን አንድ ጋዜጣ «በጨረቃዋ ላይ የምታልፈው ደመና አንጀት ትበላለች» ብሎ ጻፈ። የቲያትሩ አዘጋጅ ጋዜጣውን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና «ደመናዋ የኔ ሐሳብ ናት» አለ። አሮጊቷን የምትጫወተው ተዋናይትም ለመደቻት። ደመናዋ ስትመጣ ተስፋ ቆርጣ ትቀመጣለች፤ እሷ ስትቀመጥ የጠፋው ልጅ ይገባል።

«የምን ደመና ነው የሚሉት?» አለ ባሏ አንድ ቀን።

«እኔ ምን አውቄ?» አለች ሚስት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም።

ኋላ የባለ አራት እጁ ጉልበት ከእጀታዎቹ ቀድሞ አረጀ። ቲያትር ቤቱ ኮምፒዩተር አስመጣ። ኮምፒዩተሩን የምታውቀው ደግሞ የገዛ ልጁ ሆነች፤ ተምራው መጥታለች። አዘጋጁ እንዲህ አላት፦

«አንድ ትርኢት ትሞክሪያለሽ። ከተሳካ ሥራው ያንቺ ነው። ካልተሳካ ማሽኑም ወደ መጣበት፣ አንቺም ወደ ቤትሽ።»

በመብራት ልምምዱ ቀን፣ ተዋናዮቹ ሳይኖሩ፣ ልጅቷ ካባቷ ጎን ተቀምጣ እሱ የሚያደርገውን የመብራት ለውጥ ሁሉ አንድ በአንድ ለኮምፒዩተሩ አስያዘችው።

«አሁን አንድ ቁልፍ ስጫን ጎህ ይቀድዳል፣ አባዬ።»

«ክርንሽስ?»

«ክርኔ ሥራ የለውም።»

«ምስኪን» አለ አባት።

ልጅቷ ጠንቃቃ ስለሆነች በሩ ላይ «ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው» ብላ ለጥፋ ነበር። እናት ፔርሙሷን እንደያዘች ጽሑፉን አነበበች። ክልክል ከተባለ ክልክል ነው፤ ከበር ተመለሰች። እንዲህ ሆነና ኮምፒዩተሩ ባለ አራት እጁን ሻይ ባልጠጣበት ቀን ተማረው።

የሙከራው ትርኢት ዕለት ባልና ሚስት የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ከመብራት ክፍሉ በር አጠገብ ተቀመጡ። ጎህ ቀደደ። ጀንበር ጠለቀች። እናት ፔርሙሷን እንደ ሕፃን ታቅፋ በየለውጡ ክዳኑን ታጠብቃለች።

«ምን ያስጨንቅሻል፣ አንቺ ሴት?» አለ ባሏ። «ከኔ ይሻላል እኮ።»

ጨረቃዋ ወጣች። አሮጊቷ «ልጄ፣ መንገዱ ጠፋብህ ወይ?» አለችና ደመናዋን ጠበቀች። ደመና የለም። «መንገዱ ጠፋብህ ወይ?» አለች ደግማ፣ ወደ ላይ እያየች። ጨረቃዋ ፍንክች አላለችም። መጋረጃው ጥግ የጠፋው ልጅ ለመግባት ተዘጋጅቶ ቆሟል፤ አሮጊቷ ካልተቀመጠች አይገባም። ተመልካቹ መሳል ጀመረ። ከፊት ረድፍ አዘጋጁ ዞሮ ወደ መብራት ክፍሉ አፈጠጠ።

የልጅቷ እናት ተነሳች። ጎንበስ ብላ ክልክል የሚለውን በር ከፍታ ገባች። ልጅቷ ላብ አጥምቋታል።

«እማ፣ ውጪልኝ! ቁጥሩ ልክ ነው፣ መብራቱ ልክ ነው፣ ሴትዮዋ ናት የጠፋባት!»

«የሻይ ሰዓት ነው።»

«አሁን ሻይ አልጠጣም!»

«አንቺን ማን አለሽ? የምትጠጣው ጨረቃዋ ናት! አባትሽ ብርጭቆ ሲያነሳ ነው የምትደበዝዘው። ዝቅ አድርጊያት!»

ልጅቷ እናቷን አየች፣ ፔርሙሱን አየች፣ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም። ጨረቃዋን በጣቷ ቀስ አድርጋ አወረደቻት።

«እስከ መቼ ላቆያት?»

እናት ይህን በቃል መናገር አትችልም። ስለዚህ ሻይ ቀዳችና ራሷ መጠጣት ጀመረች። ሻዩ ይፋጃል። ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ጨለጠችው።

«አሁን መልሺያት» አለች በተቃጠለ ምላሷ።

በመድረኩ ላይ አሮጊቷ ተቀምጣለች። ልጁም ገብቷል።

ጭብጨባው ሲያበቃ አዘጋጁ መጣ። «አያችሁ፣ ማሽኑ እንኳ ሐሳቤን አልሳተውም። ትንሽ አመነታ እንጂ። ነገ በሰዓትሽ ግቢ፣ እህቴ» አላት። ልጅቷ ከመውጣቷ በፊት ደመናዋን ኮምፒዩተሩ ውስጥ አስቀመጠቻት። ስም ስጪ ሲላት «ሻይ» ብላ ጻፈች።

ወደ ቤት ሲሄዱ ባለ አራት እጁ መንገድ ላይ ቆም አለ።

«ቶሎ ጨረስሽው» አለ።

«ምኑን?»

«ሻዩን። እኔ እኮ እያጣጣምኩ ነበር የምጠጣው።»

ሚስቱ ፔርሙሱን ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገች። እሱ ግን ክርኑን እያሸ መንገዱን ቀጠለ።

በማግስቱ ልጅቷ ደመናዋን አስረዘመቻት። እናት ፔርሙሷን ይዛ መምጣቷን አልተወችም፤ አሁን የምትቀዳው የመጨረሻው ረድፍ ላይ ነው። አሮጊቷ ልጇን ስትጣራ ባለ አራት እጁ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይይዛል፣ ዓይኑን አይጨፍንም፣ ደመናዋ ስታልፍ ያያል።